ልማድ፣ የሥራ ባህልና የገበሬው አቅም

(በንፋስ መውጫ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለማኅበራት ተወካዮችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



«የአመለካከት ችግር» የሚለው ቃል በስብሰባ ላይ የማይነሣበት ጊዜ የለም። ማዳበሪያ ሳይወሰድ ሲቀር የአመለካከት ችግር ነው ይባላል። ብድር በወቅቱ ሳይመለስ ሲቀር፣ የተሠራ እርከን ከብት ገብቶበት ሲፈርስ፣ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ግማሹ አባል ሲቀርም እንዲሁ ነው። ተናጋሪው ይህን ብሎ ይቀመጣል፤ ገበሬውም ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ሁሉም እንደነበረ ነው። ቃሉ እውነት የለውም ለማለት አይደለም፤ አለው። የዚህ ንግግር ርእስም እሱው ነው። ነገር ግን ገበሬው ሰነፍ ነው፣ አእምሮው ዝግ ነው ለማለት የሚውል ከሆነ ስድብ እንጂ ምክር አይሆንም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስንፍናን ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው፣ ስሟ ራሱ ነፋሷን በሚናገረው ንፋስ መውጫ ዙሪያ ውርጭ እየረገጠ ገብሱንና ድንቹን የሚጠብቅ፣ ጠባብ ማሳውን ዘርቶ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሲወርድ የኖረ ሕዝብ ነው። የ1977ቱን ድርቅ ያየ አባት ዛሬም በመካከል አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፎ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን የሠራው፣ ተፋሰስ ያለማው ይኸው ገበሬ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ገብቶ ብዙ ቤተሰብ ጎድቶ ወጥቷል። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ አፈሩ ታጥቧል፤ ዝናቡ አንዳንድ ዓመት ዘግይቶ ይገባና ቀድሞ ይወጣል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አመለካከት መለወጥ ብቻ ነው ብሎ የሚናገር ሰው ወይ አገሩን አያውቅም፣ ወይም የራሱን ኃላፊነት ወደ ገበሬው እያሻገረ ነው።

ታዲያ ልማድን ማንሣት ለምን አስፈለገ? ዝናብን ማዘዝ አይቻልም። ቀኑ እንዴት እንደሚውል፣ እህሉ መቼና ለምን እንደሚወጣ፣ የትኛው እጅ በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚሰማራ ግን ቤተሰብና ጎረቤት የሚወስኑት ነገር ነው። ከዚህ ውሳኔ አብዛኛው አንድም ቀን ተመክሮበት አያውቅም። ከአያት ከቅድመ አያት እንደመጣ ይኖራል እንጂ ማንም ተቀምጦ «እንዲህ ይሁን» አላለም። የሰው አቅም ከሚባክንባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ሳይወሰን የተወሰነው ነገር።

ሰው ልማዱን ለመለወጥ ጽናት የለውም የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ሁዳዴን የረሱ ይመስላል። የጋይንት ገበሬ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም፣ ሌላውም ሲደመር ለምእመናን የተደነገገው የጾም ቀን የዓመቱን ግማሽ ያህላል። ሙስሊሙ ወንድሙም ረመዳንን ወሩን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ እያረሰ፣ እየነገደ ይውላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ራሱን መግዛት አያውቅም ሊባል አይችልም። መጠየቅ ያለበት እዚህ ላይ የሚታየው ጽናት በቁጠባ ላይ፣ በሒሳብ አያያዝ ላይ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት ባለማስቀረት ላይ ለምን አይታይም የሚለው ነው።

ጾሙ የሚጸናው በመጀመሪያ ደረጃ እምነት ስለሆነ ነው፤ ይህ አይካድም። ሆኖም አደረጃጀቱም መታየት አለበት። ቀኑ የታወቀ ነው፤ መቼ ልጀምር እያለ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚወስን የለም። ቤቱ ቀድሞ ይሰናዳል፤ ሽሮው ይፈጫል፣ ኑጉና ተልባው ይዘጋጃል፣ የወተት ዕቃው ታጥቦ ይሰቀላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ይጾማል። በሁዳዴ ቅቤ ያማረው ሰው ጎረቤት ቤት ቢሄድ አያገኝም። ብቻውን የሚጾም ሰው ጾሙን ይሸከመዋል፤ ከመንደሩ ጋር የሚጾምን ግን ጾሙ ራሱ ይሸከመዋል።

ይህ ነገር በሌላው ዓለም በጥናት ታይቷል። በእንግሊዝ አገር የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ባደረጉት ጥናት 96 ሰዎች አንድ አንድ አነስተኛ ልማድ መርጠው በየቀኑ እንዲፈጽሙ አድርገዋል፤ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት ወይም ከእራት በፊት ጥቂት መሮጥ የመሰለ። ነገሩ ሳይታሰብ በራሱ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል። ለአንዱ 18 ቀን በቅቶታል፤ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለል ሥራውን እንደማያፈርሰውም ታይቷል። 66 ቀን ከሁዳዴ ብዙም የራቀ አይደለም። ለጋይንት ገበሬ ይህ አዲስ ዕውቀት አይሆንም፤ አባቶች ያለ ጥናት ያወቁት ነገር ነው።

ልማዱን መርምሮ፣ የማይረባውን ትቶ፣ የመረጠውን ከሌሎች ጋር ያጸና ሰው ምሳሌ ለመፈለግም ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከእስቴ የወጣ አለ።

ዙምራ ኑሩ በ1930ዎቹ መጨረሻ በእስቴ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርት ቤት አልገባም። ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ ደጋግሞ የሚያነሣው እናቱን ነው። እናቱ ከአባቱ እኩል ማሳ ላይ ውላ ትመለሳለች። አባት ቤት ገብቶ ሲያርፍ እናት ወፍጮው ላይ ትጎነበሳለች፤ እንጨቱ፣ ውኃው፣ እንጀራው፣ ልጁ፣ የባል እግር ማጠቡ ሁሉ የሷ ነው። ይህን ሁሉ ሠርታ ደግሞ አንዱ ነገር ሲዘገይ ትሰደባለች፣ ትመታለች። ሕፃኑ ዙምራ ይህ ለምን ሆነ ብሎ ሲጠይቅ የሚያረካ መልስ የሚሰጠው አላገኘም። ያን ዘመን እንዲህ ያለ ቤት ስንት ሺህ ነበር? ያን ትዕይንት በየቤቱ ያላየ ልጅ አልነበረም። አንድ ልጅ ግን «የማን ሥራ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ አደገ። ቤተሰቡም ጎረቤቱም አእምሮው የተነካ መሰላቸው። ገና በ13 ዓመቱ ገደማ አሳቡን የሚረዳለት ሰው ፍለጋ ከቤት ወጥቶ በየአገሩ ተንከራተተ። በኋላ ተመልሶ፣ ትዳር ይዞ፣ እያረሰም ቢሆን በበጋ መዞሩን አልተወም።

በመጨረሻ አሳቡን የተቀበሉ ሰዎች በፎገራ ወረዳ አገኘ። በ1964 ዓ.ም. ከ19 ያህል ሰዎች ጋር የአውራ አምባን ማኅበረሰብ መሠረተ። መንደሩ ሩቅ አይደለም። ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ የሚወርድ ሰው፣ ወረታ ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ያገኘዋል። ብዙ የጋይንት ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ ኖሯል።

እዚያ የተደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሥራ በጾታ መከፈሉ ቀረ፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ጥጥ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል። ሠርግ ያለ ድግስ ይፈጸማል። ሰው ሲሞት ይቀበራል፤ ለቀናት ሐዘን መቀመጥ፣ ድግስ መደገስ የለም። ሴት ከ19፣ ወንድ ከ22 ዓመት በፊት አያገቡም። ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ተሠራ፤ ለታመመና ለተቸገረ ወገን መርጃ የሚሆን ከሳምንቱ አንድ ቀን ይሠራል። ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት፣ አዋቂዎች መጽሐፍ የሚያነቡበት ቤት ቆመ፤ ይህን ያሰበው ደግሞ ራሱ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ነው። በኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል።

ቀላል ግን አልነበረም። ጎረቤቶቻቸው ጠሏቸው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከመንግሥት ተቃዋሚዎች ጋር ያብራሉ ተብለው ሲወነጀሉ አገር ጥለው እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው፤ በእጃቸው የቀረው 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር። አካባቢው ደግሞ ወባማ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። 17.5 ሄክታር በመቶዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ተካፍሎ ለአንድ ቤተሰብ ስንት ጥማድ ይደርሰዋል? የፈለገውን ያህል ቀና አስተሳሰብ ቢኖር መሬት አይሰፋም። እነሱም መሬቱን በአሳብ ለማስፋት አልሞከሩም። ወደ ሽመና ዞሩ፤ የእህል ወፍጮ ተከሉ፤ ንግድ ጀመሩ። ለወፍጮው ሲጠሏቸው የኖሩት ጎረቤቶችም እህላቸውን ጭነው መጡ።

ወደ ሽመና መዞር የቻሉት ለምንድን ነው? የልማድ ጥያቄ ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው። መሬት ያጣ ገበሬ በደቡብ ጎንደር ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ሸማኔ አይሆንም። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ መባል በአገሩ ምን ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው። ማረሻውን የሚያበጅለትን ሰው «ቡዳ ነው» ብሎ ልጁን የሚደብቅ ገበሬ አለ፤ ያለዚያ ሰው ግን አንድ ቀን ማረስ አይችልም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አውጀው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ከየጓዳው አልወጣም። የአውራ አምባ ሰዎች በእጅ ሥራ የሚያፍር አሳብ ቀድሞ ስለለቀቃቸው፣ የመሬቱ በር ሲዘጋ የሽመናው በር ክፍት ሆኖ አገኙት። ሌላው መሬት አልባ ቤተሰብ ያን በር አላጣውም፤ እንዳይገባበት ከልጅነቱ ተነግሮት ነው።

በነገራችን ላይ ይህ አገር የእጅ ሥራን የሚያከብር ንጉሥ አይቶ ያውቃል። አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት፣ በጨጨሆና በዘቢጥ በኩል ነው። ጉዞው ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ መንገዱ እየተቆረጠ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ሲያነሡ እንደነበር በወቅቱ የነበሩ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። መድፉ ለምን እንደተሠራና ጉዞው በመንገድ ላይ የነበረውን ሕዝብ ምን እንዳስከፈለው ሌላ ታሪክ ነው። ጨጨሆን የሚያውቅ ሰው ግን ያ ሥራ ምን ሥራ እንደነበር ይረዳል።

ከእጅ ሥራ ይልቅ በየቤቱ ይበልጥ የሚከብደው ግን የሞፈሩ ነገር ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት መሬት አላት። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ መደረጉ ትልቅ ሥራ ነበር። በወረቀት ላይ መሬቱ የሷ ነው። በሬ ልትጠምድ ግን ልማዱ አይፈቅድላትም፤ ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከምርቱም ግማሹ ይሄዳል። አራሹም ቢሆን የራሱን ማሳ ሳያዳርስ የሷን አይጠምድም፤ ዘሩ ይዘገያል፤ ዘግይቶ የተዘራው ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ ሲወጣ ይቀራል። ይህች ሴት ድሀ የሆነችው መሬት አጥታ ነው? ሕግ ከልክሏት ነው? በሬ አለመኖር አንዱ ምክንያት ነው፤ እሱን ማኅበር በብድር ሊያቃልለው ይችላል። «ሴት አርሳ አታውቅም» የሚለውን ግን የትኛውም ብድር አይከፍለውም። እንደ አውራ አምባ ሴት ሞፈር ትጨብጥ ማለት ዛሬውኑ ለሚከብደው መንደር ሌላ መንገድ አለ፤ ወንፈልና ደቦ ከድሮም ያለ ነገር ነው። የመንደሩ ወንፈል በመጀመሪያው ዝናብ የመበለቷን ማሳ ከሁሉ ቀድሞ እንዲያርስ መወሰን የአንድ ስብሰባ ሥራ ነው፤ ግማሹ ምርቷም ቤቷ ይቀራል።

የበዓል ቀን ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ በጥንቃቄ መነሣትም አለበት። የትኛው በዓል እንደሚከበርና እንዴት እንደሚከበር የሃይማኖት አባቶች የሚያስተምሩት ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አይደለም። ግን አንድ ነገር በዓይን ይታያል። በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ29 በበዓለ ወልድ በሬው ያርፋል፤ ባለ በሬውም ያርፋል። ሴቲቱስ? ውኃው ይቀዳል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ጠላው ይጠመቃል። ያቺ የዙምራ እናት ዛሬም በየቤቱ አለች። በዓሉን ባል ብቻ የሚያከብረው ከሆነ የበዓሉ አከባበር ገና ጎዶሎ ነው። በዓል ባይታረስበትም ማሰቢያ፣ ሒሳብ መተሳሰቢያ፣ ልጅን ማስጠኛ፣ ለሚስት እንስራ ተሸክሞ ውኃ መቅጃ ቀን ቢሆን የሚከለክል ደንብ ያለ አይመስልም። ወንድ እንስራ ቢሸከም የሚስቀው ሰው ማን እንደሆነ ግን ይታወቃል፤ ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ አንድ ወንድ ብቻውን አይጀምረውም። አሥር ቢጀምሩት ሳቁ ከወር አያልፍም።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። አውራ አምባ የራሱ እምነትና የራሱ አኗኗር ያለው መንደር ነው፤ ለጋይንት ክርስቲያንም ሆነ ለእስቴ ሙስሊም በዚያ ረገድ አርአያ ሊሆን አይችልም የሚል። ተቃውሞው ትክክል ነው። የአውራ አምባ እምነት ለአውራ አምባ ይሁን። የሚወሰደው መንገዱ ነው፤ ልማድን አንድ በአንድ እያነሡ «ይህ ለማን ይጠቅማል? ማንን ይጎዳል?» ብሎ በአንድነት መምከር፣ ከተወሰነ በኋላም ሁሉም መጠበቅ። መልሱ በየመንደሩ ሊለያይ ይችላል።

ከላይ በትእዛዝ የመጣ ልማድ ምን እንደሚሆንም ይህ ትውልድ አይቷል። በደርግ ዘመን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተብሎ ገበሬው በሬውንና ማሳውን አንድ ላይ እንዲያደርግ ተገፍቶ ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ሲያውጅ ገበሬው ብዙም ሳይቆይ በሬውን ፈትቶ፣ መሬቱን ተካፍሎ ወደየቤቱ ገባ። የዓመታት ስብሰባና ቅስቀሳ አንድ ክረምት አልቆመም። «ኅብረት» የሚለው ቃል ራሱ ለብዙ ጊዜ ያስፈራ ነበር። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 985ም ፈቃደኝነትን መነሻ ያደረጉት ከዚህ የተነሣ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አውራ አምባ ግን ያው ደርግ አሳድዶት፣ መሬቱን አጥቶ ተመልሶም አንድ ላይ መሥራቱን ቀጠለ። ልዩነቱ አሳቡ ከማን እንደመነጨ ነው። ስለዚህ አንድ የወረዳ ባለሙያ ኮታ ይዞ መጥቶ «በዚህ ወር ይህን ያህል አባል የቁጠባ ባህል እንዲያዳብር» ቢል፣ ቁጥሩ ሪፖርት ላይ ይሞላል፤ ሣጥኑ ግን አይሞላም።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ታሪክም ከሸማኔ የጀመረ መሆኑ የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጡ አነስተኛ ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር ሸጡ። በዱቤ አንሸጥም አሉ፤ ሚዛን አናጎድልም አሉ፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ አሉ። ዛሬ በየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ ያለው ከዚያ የወረደ ነው። የሮችዴል ሰዎች ከድህነት የወጡት በአንድ ቀን በተገኘ ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ ሳምንቱ ሲደርስ ያቺ ሳንቲም መቅረት ስለሌለባት ነው።

ይህ ወደ ጋይንት ሲመጣ ምን ይመስላል? በጋይንት ገንዘብ የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። እህሉ ይገባል፤ ዋጋው ግን ሁሉም ስለሚሸጥ ይወርዳል። ዕዳው፣ ግብሩ፣ ሠርጉ፣ ተዝካሩ ሁሉ በዚያው ወቅት ይመጣል። ገበሬው በጥር በርካሽ የሸጠውን ገብስ በሐምሌና በነሐሴ በውድ ይገዛል። በየዓመቱ ያውቀዋል፤ በየዓመቱም ያደርገዋል። ዩኒየን የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይህን ለመስበር ነው፤ ዩኒየኑ ግን አባሉ የሸጠለትን እንጂ ያልሸጠለትን ሊያከማች አይችልም።

ተዝካሩን በሚመለከት አንድ ቃል ማለት ያስፈልጋል። ለሞተ ወገን መጸለይና ለድሀ መመጽወት አንድ ነገር ነው፤ በሬ ሸጦ ወይም መሬት አከራይቶ መንደሩን ማብላት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ላይ ክርክር የለም። በሁለተኛው ላይ ብዙ አባት በልቡ ያዝናል፤ ቢቀር ግን «ለአባቱ አንድ እንጀራ ነሣው» መባልን ይፈራል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ እሱን በምክር ብቻ ማጥፋት አይቻልም። እድሩ በሙሉ ተሰብስቦ የድግሱን ልክ ከወሰነ ግን፣ ማንም ሰው ለብቻው የሚታማበት ነገር አይኖርም። ሐሜቱን የሚሰብረው ቁጥሩ ነው።

ቁጠባውም እንዲሁ። ሲተርፍ አስቀምጣለሁ ያለ ሰው አይተርፈውም። ቀኑ መታወቅ አለበት። ለዚህ ከገበያ ቀን የተሻለ አይገኝም፤ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ እንዲያውም ቀኑን ስሟ ላይ ይዛዋለች። ገንዘቡ እጅ ላይ ያለው ያን ቀን ነው፤ ማታ ከጠላ ቤት በኋላ የለም። 200 አባል ያለው ማኅበር እያንዳንዱ አባል በየሳምንቱ በገበያ ቀን 10 ብር ቢያስቀምጥ በዓመቱ 104,000 ብር ይሆናል። 10 ብር ዛሬ ምንም የምትገዛ አይደለችም፤ 104,000 ብር ግን ለበርካታ አባላት ከማበደር ባሻገር ማኅበሩን ከደላላ ፊት ያቆመዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለውም ለዚሁ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው በዚያ ቀን ቦታው ላይ አለመገኘት ግን የለበትም። አባሉ 10 ብሩን ይዞ መጥቶ በሩን ተዘግቶ ካገኘው፣ በሁለተኛው ሳምንት አይመጣም፤ ያኔ ደግሞ የአመለካከት ችግር ነው ይባላል።

እንግዲህ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ ልማድ ብቻ መርጦ ቢነጋገርበት ይበቃል። አምስት አይደለም፤ አንድ። የመበለቶችን ማሳ ቀድሞ ማረስ ሊሆን ይችላል፤ የድግስ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ከጥር እህል ላይ ለሐምሌ ማስቀረት ሊሆን ይችላል። የተመረጠው ነገር ቀን ይቆረጥለት፤ ከ66 ቀን በኋላ ማን እንደጠበቀና ማን እንደተቸገረ ተሰብስቦ ይታይ። የተቸገረው ለምን እንደተቸገረ ይጠየቅ እንጂ አይሰደብ፤ ምክንያቱ ምናልባት የበሬ እጦት ነው፣ ምናልባት ሕመም ነው።

ከዚያ በፊት የሚሠራ ቀላል ሥራ አለ። የአባላት መዝገብና የግዥ ደብተር በየማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። ኮሚቴው ገልጦ፣ ከባሏ ስም ተለይታ በራሷ ስም የተመዘገበች ሴት ስንት እንደሆነች፣ በሐምሌ ከማኅበሩ እህል የገዛው አባል ደግሞ በጥር ምርቱን ለማን እንደሸጠ ሊቆጥር ይችላል። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።